በቀኝ የተነዳው ፕላን

ሰው በማያውቀው ነገር ሲመሰገን ዝም ማለት ይከብደዋል። እኔ ግን ዝም ማለት ያቃተኝ ብቻ አይደለሁም፤ ቆሜ አብራራሁ። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም የመንገድ መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬም ሞተርዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መንገድ ሲዘጋና ከፊቴ ያለው ሎሪ ፍሬን ሲይዝ ድንገት ትዝ ይለኝና ጋቢና ውስጥ ብቻዬን እሸማቀቃለሁ።

ሥራዬ ሎሪ መንዳት ነው። ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ካለ መጋዘን ዳቦና ብስኩት ጭኜ በለንደን ዙሪያ ወዳሉ ከተሞች አደርሳለሁ። አገሬ እያለሁ ሹፌር አልነበርኩም። የነዳሁት ነገር ቢኖር የጎረቤት ብስክሌት ነው፤ እሱንም ቦይ ውስጥ ከትቼዋለሁ። መንዳት የተማርኩት እዚሁ እንግሊዝ ነው፤ መንገድንም የማውቀው እዚህ እንደሚነዳው በግራ በኩል ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ምንም ሰበብ እንደሌለው እንድታውቁልኝ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዴቭ ወደ ሻይ ክፍላችን ገባ። ዴቭ የሹፌሮችን ስምሪት የሚያወጣ አለቃችን ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፁ ከሞተር በላይ የሚሰማ እንግሊዛዊ። በእጁ ደብዳቤ ይዟል። ለንደንን በሚዞረው ሞተርዌይ ላይ ለከባድ መኪኖች ብቻ የሚሆን፣ እየከፈሉ የሚገቡበት፣ ከሌላው በአጥር የተለየ መስመር ለመሥራት ታስቧል። ዕቅዱን የሚያወጡት ሰዎች ከሹፌሮች አንድ ሰው ሦስት ቅዳሜ እየመጣ ሐሳብ እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ አለ። ሰው ሁሉ ኩባያው ውስጥ አንዳች ነገር የጠፋበት ይመስል አቀረቀረ። እኔ ብስኩቴ ተሰብሮ ሻዩ ውስጥ ስለገባብኝ ማንኪያ ፍለጋ ቀና አልኩ። ከዴቭ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ጎበዝ! ቦታው ባተርሲ ነው፤ ምሳ አለው» አለኝ። በዚህ አለቀ።

ማታ ለባለቤቴ ለሶስና ስነግራት ልብስ ማጣጠፏን አቁማ አየችኝ።

«መደርደሪያው የት ይሰቀል ስትባል ሳምንት የምታስብ ሰው፣ መንገድ የት ይሠራ ብለህ ልትመክራቸው?»

«ዝም ብዬ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር። ሰው ዝም ብዬ እመለሳለሁ ብሎ ከቤቱ ሲወጣ ግን ዝምታውን የሚፈትን ነገር መንገድ ላይ ይጠብቀዋል መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በደንብ አለፈ። ስብሰባውን የምትመራው ሱዛን የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ትሑት የዕቅድ ባለሙያ ነበረች። ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅላ መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ አስረዳችን። ሎሪዎቹ ከትናንሽ መኪኖች ጋር አይጋፉም፤ ዕቃው በሰዓቱ ይደርሳል፤ አደጋ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ ሱዛን «ሹፌሩስ ምን ይላል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ያን ጊዜ እያሰብኩ የነበረው ስለ ሽንት ቤት ነው። በሥራ ላይ ከምግብ ይልቅ የማስበው ስለ እሱ ነው፤ ሎሪ የነዳ ይፍረደኝ። ስለዚህ «በአጥር ከታጠርን የት እንቆማለን?» አልኳት። «አንዱ መኪና ቢበላሽስ? ከኋላው ያለነው ሁሉ እስኪነሣ ልንቆም ነው?»

ሱዛን እስክሪብቶዋን አነሣች። አንድ ትልቅ መነጽር ያደረጉ አዛውንት መሐንዲስ «በጣም ጥሩ ጥያቄ» አሉ። በዚህ አገር ስኖር ካርድህ አላለፈም፣ መኪናህ መስመር ነክቷል፣ ፎርምህ ጎደሎ ነው ተብያለሁ እንጂ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ልቤ አበጠ። ሱዛን ደግሞ «መፍትሔው ምን ሊሆን እንደሚችል በሥዕል ብታሳየን እንዴት ጥሩ ነበር! ትስላለህ እንዴ?» አለች።

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ቀጥ ያለ መስመር በማስመሪያ እንኳ ማስመር አልችልም።

ወደ ቤት ስመለስ ሶስና ገና ፊቴን እንዳየች የሆነ ነገር መፈጸሜን አወቀች። ነገርኳት። ብዙ ካሰበች በኋላ «ጋሽ ታፈሰን ጠይቃቸው» አለችኝ።

ጋሽ ታፈሰ ከእኛ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ ስትሪትሃም በእኛው ሰፈር የሚኖሩ ሰው ናቸው። አገር ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ መሐንዲስ ነበሩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው ጣጣ ተሰደው እዚህ ገቡ፤ አሁን ከሱቆች ጀርባ ያለ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጠጋኋቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ተናገር። ፎርም ነው?»

«አይደለም፣ መንገድ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «መንገድ ትቻለሁ» አሉ። «እዚህ እንደመጣሁ ዲግሪዬን ኮፒ አድርጌ ያላስገባሁበት ቢሮ የለም። የዚህ አገር ልምድ የለህም አሉኝ። ልምዱ የሚገኘው ሲሠራ ነው ብላቸው አልገባቸውም። ከዚያ በኋላ እኔና መንገድ ተለያየን።»

ይቅርታ ጠይቄ፣ እጅ ነሥቼ፣ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ቆይ! አጥሩ የኮንክሪት ነው የብረት?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደውለው ጠሩኝ። ክፍላቸው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ የመሐንዲስ ወረቀት ተዘርግቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ መልስ ሲሠሩበት ኖረዋል። መስመሮቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ቁጥሮቹ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ናቸው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ይሠራል ብዬ አላምንም ነበር።

«ይኸውልህ» አሉ በእርሳሳቸው እያሳዩ። «መስመሩ በአጥር ከታጠረ በየተወሰነ ርቀት ኪስ ያስፈልገዋል። የተበላሸ መኪና፣ ማረፍ የሚፈልግም ሹፌር፣ ወጣ ብሎ እዚህ ኪስ ውስጥ ይቆማል፤ ሌላው ያልፋል። አጥሩም በየኪሱ በር ይኑረው፤ ጎታች መኪናና አምቡላንስ በዚያ ይገባሉ። ገባህ?»

«በደንብ!» አልኩ። ኪሱ ገብቶኛል። ፕላኑ ግን አልገባኝም። ፕላን ላይ ያለ መንገድ ለእኔ የተጋደመ መሰላል ነው፤ የቱ ራሱ የቱ ግርጌው እንደሆነ አላውቅም። አላውቅም ለማለት ደግሞ አፈርኩ። ወረቀቱ ጥግ ላይ በአማርኛ፣ በትንንሽ ፊደል «ታፈሰ» ብለው ፈርመዋል። ጠቅልለው ሰጡኝ። «እንዴት እንደተቀበሉት ወዲያው መጥተህ ንገረኝ» አሉኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሆነ። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ስሰቅለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ። «አንተ ነህ የሠራኸው?» ስትለኝ ሱዛን «አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከሁለት ፊደል አይበልጥም። እኔ ግን ፈገግ አልኩ። ፈገግታ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሷ ደግሞ ጥጉ ላይ ጠቆመችና «ይህ ቆንጆ ጽሑፍ ምን ይላል?» አለች።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መልካም ጉዞ ማለት ነው» አልኩ።

«መል-ካም ጉ-ዞ!» አለች ሱዛን ደስ ብሏት። አዳራሹም ተቀብሎ «መልካም ጉዞ!» አለ። ሃያ የሚሆኑ እንግሊዞች የጋሽ ታፈሰን ስም እያዩ መልካም ጉዞ ሲሉ ቃሌን ልመልስ ፈለግኩ። ግን ከጀመርኩት መውረጃው ጠፋኝ።

ማብራሪያዬን ቀጠልኩ። ኪሱ እንዲህ ነው፣ በሩ እንዲህ ነው። ሱዛን ግንባሯን ቋጥራ ሥዕሉን ቆየት ብላ አየችው።

«አንድ ነገር ብቻ፤ መኪናው ከዚህ ወደዚያ ከሄደ የኪሱ መግቢያ ያለው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ነው። ስለዚህ የሚገባው በኋላ ማርሽ ነው?»

ዞሬ አየሁ። መሰላሉ ምንም አልነገረኝም።

«አዎ» አልኩ። «በኋላ ማርሽ ነው።»

«ሞተርዌይ ላይ?»

«ለጥንቃቄ ነው» አልኩ። «ሹፌሮች ወደ ኋላ መንዳት እንወዳለን።»

አንዲት ሴት ይህን ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ አየኋት። ያን ጊዜ ባለ መነጽሩ አዛውንት ተነሡ፤ ወደ ሥዕሉ ቀረቡና ጣታቸውን አንዲት ትንሽ ፍላጻ ላይ አደረጉ።

«ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እነዚህ መኪኖች የሚሄዱት በቀኝ በኩል ነው?»

ፍላጻዎቹን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኳቸው። ሁሉም በቀኝ በኩል ይሄዳሉ። ጋሽ ታፈሰ የሳሉት አገር ቤት እንደሚነዳው ነው። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ! እሳቸው እዚህ አገር መሪ ጨብጠው አያውቁም። እኔ ግን በየቀኑ በግራ እየነዳሁ እየዋልኩ ፕላኑን በኩራት ተሸክሜ መጥቼ ሰቀልኩት።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እንግሊዝ ከልቡ ሲያፍርልህ አይስቅም፤ ሻይ ልቅዳልህ ይላል። ሦስት ሰዎች ሻይ ቀዱልኝ።

ሰኞ ጠዋት ዴቭ በር ላይ ጠበቀኝ። ወሬው በምን ፍጥነት ፓርክ ሮያል እንደደረሰ አላውቅም።

«ስንት ዓመት ነው በቀኝ በኩል ስትነዳልኝ የኖርከው?» አለኝ። «ደግሞ ሞተርዌይ ላይ ወደ ኋላ መንዳት እወዳለሁ አልክ የተባለው እውነት ነው?»

ልመልስ ስሞክር እጁን ዘረጋ። ቁልፉን አስረከብኩ። ፈታኝ መጥቶ አነዳዴን እስኪመዝን ድረስ መጋዘን ውስጥ የተደረደረ ብስኩት በፕላስቲክ እንድጠቀልል ታዘዝኩ። ባልደረቦቼ በአጠገቤ ሲያልፉ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ኋላ እየተራመዱ ሰላም ይሉኛል።

ሶስና «እውነቱን ንገራቸው፣ ሥራህ ይመለስልሃል» አለችኝ። ልክ ናት። ግን እውነቱ ምንድን ነው? ሥዕሉ የእኔ አይደለም፣ የአንድ አዛውንት ነው፤ ቀኝና ግራውን የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው። ልምድ የለህም ብለው ለመለሷቸው ሰዎች ይህን ወስጄ ልስጣቸው? ብስኩት እየጠቀለልኩ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ለራሴ ካልዋሸሁ፣ ያሰብኩት ስለ እሳቸው ክብር ብቻ አልነበረም። ሥዕሉ የእሳቸው ነው ካልኩ፣ ያ ፈገግታዬና ያ «መልካም ጉዞ» ምን ሊባሉ ነው?

ረቡዕ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄድኩ። ጋሽ ታፈሰ ከትንሿ ክፍላቸው ብቅ ብለው አዩኝ። ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል።

«የት ጠፋህ? እንዴት ተቀበሉት?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ተወያዩበት፣ ጋሼ።»

እውነት ነው የተናገርኩት፤ ይህን ያህል የሚያሳፍር እውነት ግን ተናግሬ አላውቅም። ፊታቸው በራ። «አንድ ሰዓት!» አሉ። ወንበራቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ቆሙ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። በዚያ መሐል አንዲት ቀይ መኪና በመግቢያው ገባች።

«ጋሼ፣ ያቺ መኪና በየት በኩል ነው የገባችው?»

«በመግቢያው ነዋ» አሉ። ሌላ መኪና ገባ። ሌላም ወጣ። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አዩት፣ ግራ እጃቸውንም አዩት፣ ቀስ ብለው አፋቸውን ያዙ።

«በግራ» አሉ። «በግራ ነው ለካ።»

«ሳቁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልሳቁም።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ። ስለ ስማቸው መናገር ነበረብኝ፤ አሁንም አልተናገርኩም። እንዲህ ነኝ እኔ፤ አንዱን እዳ እንኳ በሙሉ አልናዘዝም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጋሽ ታፈሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው መጡ። ዴቭም መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል፤ ሌላ ነገር እንዳልናገር ሊጠብቀኝ ይመስለኛል። ሥዕሉ እንደተሰቀለ ነው። ሱዛን አንድ ሐበሻ አዛውንት ስታይ ደስ አላት፤ እጃቸውን ጨብጣ፣ ወደ ጥጉ ጠቁማ፣ የምታውቀውን አንድ አማርኛ በኩራት ተናገረች።

«መልካም ጉዞ!»

ጋሽ ታፈሰ ጣቷን ተከትለው ስማቸውን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። የሰው ዓይን እንደዚያ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

«ይቅርታ» አልኩ ለሁሉም እንዲሰማ። «መልካም ጉዞ አይደለም የሚለው። ታፈሰ ነው የሚለው፤ የእኚህ ሰው ስም ነው። ሥዕሉን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ መሐንዲስ ናቸው። እኔ ፕላን ማንበብ አልችልም።»

ዴቭ ከኋላ «ታዲያ የኋላ ማርሹስ?» አለ።

«እሱ የራሴ ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቁ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ጋሽ ታፈሰ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ወረቀቱን ሳይቀድዱ በጥንቃቄ ነቅለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ ገለበጡና ጀርባውን ወደ እኛ አድርገው መስታወቱ ላይ ለጠፉት። የጠዋቱ ፀሐይ በስሱ ወረቀት አለፈ። ፍላጻዎቹ ሁሉ በግራ በኩል ሆኑ። ኪሶቹ ሁሉ አፋቸውን ለሚመጣው መኪና ከፈቱ። ፊደሎቹና ቁጥሮቹ ብቻ ተገልብጠዋል።

«ሠላሳ ዓመት በቀኝ በኩል ሠርቻለሁ» አሉ፣ ቃል በቃል እየመረጡ፣ በእንግሊዝኛ። «ስሕተቱ የእኔ ነው። አገሩን ረሳሁ። መንገዱን ግን አልረሳሁም።»

ባለ መነጽሩ አዛውንት ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ገጥመው፣ አንዱ በእርሳስ አንዱ በመነጽሩ ዘንግ እያመለከቱ ያወሩ ጀመር። መሐል ላይ ጋሽ ታፈሰ ቀና ብለው «አንተ» አሉኝ፤ «ሙሉ ጭነት ይዘህ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እዚህ ኪስ ውስጥ ለመቆም ፍሬን የምትጀምረው ከየት ነው?» ሄጄ በጣቴ አሳየኋቸው። በሦስት ቅዳሜ አውቄ የመለስኩት እሱን ብቻ ነው። ኪሱን አስረዘሙት።

ምሳ ላይ አላናገሩኝም። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ቆም አሉ።

«ያስቀየመኝ ቀኝና ግራው አይደለም» አሉ። «እሱን እኔ ነኝ የሠራሁት። ስሜ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ሌላ ነገር ማለትህ ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ስሜን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው፤ አንዴ ሲጠየቅ...»

አልጨረሱትም። ጉልበታቸውን ልነካ ዝቅ ስል በክንዴ ይዘው አነሡኝ። «ተው፣ ሰው ያያል» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን ማፈራቸው ያን ጊዜ አልለየሁም።

የኋላውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈታኙ መጥቶ መዘነኝ፤ መጨረሻ ላይ በኋላ ማርሽ ጠባብ ቦታ አስገባኝና ዴቭ ቁልፌን መለሰልኝ። ሱዛን ኪሶቹና በሮቹ በረቂቁ ዕቅድ ውስጥ መግባታቸውን ለጋሽ ታፈሰ በስማቸው ጽፋ አሳወቀቻቸው። ከዚያ ደግሞ ዕቅዱ በሙሉ ቀረ። ለምን እንደቀረ የላኩትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤም አልገባኝም። ሎሪዎቹም ትናንሽ መኪኖችም እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ላይ ይጋፋሉ። ጋሽ ታፈሰም ያው የመኪና ማቆሚያቸውን ይጠብቃሉ። መንገድ አልተሠራም፣ ሥራም አልተገኘም።

ከሁሉ የማስበው ግን የዚያን ቀን የመልስ ጉዟችንን ነው። ከባተርሲ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ስንሳፈር፣ ሁልጊዜ ታች በር አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡት ጋሽ ታፈሰ «ወደ ላይ እንውጣ» አሉኝ። ፎቅ ላይ፣ ከፊት፣ ትልቁ መስታወት ጋ ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ዝም ብለው ውጭውን አዩ። ሰባት ዓመት በዚህች ከተማ ኖረው እንዴት ግራና ቀኙን ሳያስተውሉ ቀሩ ብዬ ስገረም የቆየሁት እኔ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው መንገዱን አላዩትም፤ ሆን ብለው አላዩትም። እኔ የቀድሞ ወዳጄን መንገድ ማዶ ሳየው ፊቴን እንደማዞረው ማለት ነው።

አንድ አደባባይ ጋ ስንደርስ ጎንተል አደረጉኝ።

«እዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?»

«ከቀኝ ለሚመጣው።»

«ከቀኝ!» አሉ። ወደ መስታወቱ ተጠጉ። «ታዲያ ያንን ማቋረጫ እዚያ ማድረጋቸው ልክ አይደለም፤ እግረኛው ይጋረዳል። ያ የአውቶቡስ ማቆሚያ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ተቀምጧል፤ ማነው የፈቀደው? ውኃውስ ወዴት ነው የሚወርደው? ተመልከት፣ ተመልከት፣ ይቺን ግን አሳምረዋታል...» ድምፃቸው ከፍ አለ። ሰው እየዞረ ያየናል። በአማርኛ የለንደንን መንገድ አንድ በአንድ ያርማሉ፣ አንዳንዱንም ያመሰግናሉ። እኔ አዎ፣ አዎ እላለሁ፤ የገባኝ ግማሹ ነው።

መውረጃችንን ማለፋችንን ያወቅነው ስትሪትሃም ወደ ኋላ ከቀረ ከቆየ በኋላ ነው። ወርደን፣ መንገድ ተሻግረን፣ በሌላ አውቶቡስ ተመለስን። በመልሱም ፎቅ ላይ ወጣን፤ በመልሱም ዝም አላሉም።